የአሮጌ ሾትገን አፍና ጥይቱ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ከአማቴ የወረስኩት አውሮፓ ሠራሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን አለኝ፤ ፉል ቾክ ነው ይሉኛል። ለዳክዬ አደን የብረት ፍሬ ያለው ጥይት ላጉርሰው?

መልስ፦ አያጉርሱት። ቾክ የአፈሙዙ ጫፍ መጥበብ ነው፤ በጠበበ ቁጥር ፍሬዎቹ ቶሎ ሳይበተኑ ይርቃሉ። በ12 ጌጅ ፉል ቾክ ጥበቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ተጨምቆ ያልፋል። ብረት ግን እሺ አይልም፤ አፈሙዙን ሊያሳብጠው ይችላል። አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ለውሃ ወፎች አደን እርሳስን ስለከለከለች፣ የሚያዋጣዎት ግፊቱ ዝቅ ያለ የቢስመዝ ጥይት ነው። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ምን ይደረግ።

እኔን ከቾኩ ይበልጥ የሚያሰጋኝ የማጉረሻው ርዝመት ነው። የድሮዎቹ የአውሮፓ ሥራዎች ብዙዎቹ 65 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የዛሬው የተለመደ ቀለህ 70 ነው። የቀለህ ርዝመት የሚለካው ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ፣ ያልተተኮሰው አጥሮ ይገባል። «ገባ እኮ» ብለው እንዳይታለሉ። ሲተኮስ የታጠፈው አፉ ተዘርግቶ መውጫውን ያጠብባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። በርሜሉ ላይ የተጠማዘዘ ጥለት ካዩ ደግሞ ደማስቆ የሚባለው የበርሜል ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያ ለክቶ ሳያየው አንድም ጥይት አይተኩሱበት።