የካርቱም ውኃና የቤት ዕቃ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ምንባብ

ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ጥቁር ዓባይ የኢትዮጵያን ደጋ ሰንጥቆ ወደ ሱዳን ቆላ ይወርድና ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም የሚባሉት ሦስቱ ከተሞች በእነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር ተቆርቁረዋል። ውኃቸውም ከሁለት ምንጮች ይገኛል። አንደኛው ከወንዞቹ ተስቦና ተጣርቶ በቧንቧ የሚታደለው ነው፤ ሁለተኛው ከመሬት በታች ካለው የአሸዋ ድንጋይ በጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ነው።

ሁለቱ ውኃዎች በመልክም በጠባይም አይመሳሰሉም። በክረምት ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ተራሮች የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ክፉኛ ይደፈርሳል። የጉድጓዱ ውኃ ግን ኩልል ያለ ነው። ስለዚህ ተመልካች ሁሉ ድፍርሱን ይነቅፋል፤ ኩልል ያለውን ያመሰግናል። ዳሩ ግን ነገሩ ለቤት ዕቃ ሲሆን ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

ደለል በውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ውኃው በጋን ውስጥ ጸጥ ብሎ ሲያድር ይዘቅጣል። በሱዳን የገጠር ሴቶች የሞሪንጋን፣ ማለትም የሽፈራውን ዘር ወቅጠው ከድፍርስ ውኃ ጋር በማማሰል ጭቃው ቶሎ እንዲዘቅጥ የማድረግ የቆየ ልማድ አላቸው። የሟሟ ማዕድን ግን በዓይን አይታይም፤ በጨርቅ አይጠለልም፤ ቢያድርም አይዘቅጥም።

ይህ ማዕድን ከየት ይመጣል? የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ምድር ይሰርጋል። በዐለት መካከል ሲጓዝም ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ያሟሟል። ከዐለት ጋር በቆየ መጠን ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ማዕድን ይበዛል። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ በአብዛኛው ከወንዝ ውኃ የበለጠ ማዕድን አለው፤ መጠኑም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል።

ማዕድን የበዛበት ውኃ ጠባዩን የሚገልጠው በሥራ ላይ ነው። ሳሙና በቀላሉ አያረፋም። ውኃው ሲፈላ ደግሞ የሟሟው ካልሲየም ከፊሉ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ ነገር ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ከወራት በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍም ውኃውን ለማፍላት ብዙ ከሰል ወይም ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ከተጋገረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማሞቂያው ራሱ ይቃጠላል።

በካርቱም ሌላም ተጎጂ አለ። በሐሩር ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚሆን በብዙ ቤቶች አየርን በእርጥብ ጭድ ውስጥ እያሳለፈ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ይሠራበታል። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ማዕድኑ በጭዱ ላይ ይቀራል፤ ጭዱም እየደረቀ እንደ ኖራ ግድግዳ ይሆንና አየር መተላለፊያ ያጣል። በገንዳው ላይ ውኃ መጨመር ብቻ ማዕድኑን ያከማቻል። መፍትሔው አሮጌውን ውኃ በየጊዜው ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። የማንቆርቆሪያ ቅርፊትም በቢላዋ አይፋቅም፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በውኃ በጥብጦ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ያሟሟዋል።

ይሁንና የዕቃን ጉዳት ከሰው ጉዳት ጋር ማምታታት አይገባም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በሰሜን ካርቱም የሚገኘው ትልቁ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራውን አቆመ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ከተማ እውነት ሆነ። ሕዝቡም ያልተጣራ ውኃ ከወንዝና ከጉድጓድ ለመቅዳት ተገደደ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ተመትተው የውኃው ሥራ እንደገና ሲስተጓጎል፣ የኮሌራ በሽታ በከተማይቱ ተዛምቶ ብዙ ሰው ገደለ።

ኮሌራን የሚያመጣው ተሕዋስ እንደ ማዕድኑ ሁሉ በዓይን አይታይም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በውኃ ውስጥ ለሚገኙት ለካልሲየምና ለማግኒዚየም በጤና ምክንያት የወሰነው ገደብ የለም፤ ተሕዋስ ግን ሕይወት ያጠፋል። ውኃን ማፍላት ተሕዋስን ይገድላል፤ በዚያው እሳት ቅርፊት ይጋገራል። እንግዲህ ቅርፊቱን ፈርቶ ማፍላትን የሚተው ሰው ማንቆርቆሪያውን አድኖ ልጁን ለበሽታ የሚሰጥ ነው። ቅርፊት በሎሚ ይለቃል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

የቃላት ፍቺ

ደለል፦ ጎርፍ አጥቦ የሚያመጣው ለም አፈር
መዝቀጥ፦ ወደ ታች ወርዶ መቀመጥ
መስረግ፦ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት
ሐሩር፦ ኃይለኛ ሙቀት
ተሕዋስ፦ በዓይን የማይታይ ደቂቅ ፍጡር

ጥያቄዎች

1. ደለልና የሟሟ ማዕድን በምን ይለያያሉ?
2. «ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?
3. በማቀዝቀዣው ገንዳ ላይ ውኃ መጨመር ብቻ የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
4. በምንባቡ ውስጥ የሚገኙትን ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አውጥታችሁ ትርጉማቸውን አብራሩ።
5. በአካባቢያችሁ ያለው ውኃ ከየት እንደሚመጣና በቤት ዕቃ ላይ ምን ምልክት እንደሚተው መርምራችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።