መድፍና ዕውቀት፤ ከጋፋት እስከ ካራማራ

እንደሚታወቀው መድፍ ብረትና ባሩድ ብቻ አይደለም። የሚሠራው ከበስተኋላው የቆመው ሰው የተማረውን ያህል ነው። በዚህ እትም ይህንን ነጥብ በአገራችን ታሪክ እንመረምራለን፤ ነገሩ በሸደርና በጅጅጋ ዙሪያ ለሚያስተምር መምህር ለምን እንደሚያገባውም እንገልጻለን።

ሀ/ ጋፋትና መቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። በ1859 ዓ.ም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ያንን የሚያህል ብረት በገደልና በሸለቆ ጎትተው መቅደላ አደረሱት። ታዲያ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም በአሮጌ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሲከፈት የንጉሡ መድፎች ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሱም። አንደኛው እንዲያውም ባሩድ በዝቶበት ራሱ ፈነዳ። መድፉ ነበረ፤ ያልነበረው የሠለጠነ ተኳሽ ነው።

ለ/ ዓድዋ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ግን ነገሩ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ከውጭ ያስመጧቸው ሆችኪስ መድፎች ቶሎ ቶሎ የሚተኩሱ፣ ለተራራ አገርም የሚመቹ ነበሩ። እንደ በጅሮንድ ባልቻ (አባ ነፍሶ) ያሉ አዛዦችም አጠቃቀሙን ያውቁበት ነበር። ጣሊያን ይዟቸው የዘመተው 56 መድፎች በዚያች ቀን ከእጁ ወጡ።

ሐ/ ወደ እኛ አካባቢ

በጥቅምት 1928 ዓ.ም፣ በኦጋዴን፣ በቆራሄ ምሽግ፣ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ስዊስ ሠራሽ በሆነ 20 ሚሊ ሜትር ኦርሊኮን መድፍ የጣሊያንን አውሮፕላኖች ይመክቱ ነበር። በቦምብ ቆስለውም ስፍራቸውን አልለቀቁም። እሳቸው ሲሞቱ ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ። አንድ አዋቂ ሲጎድል የሚተካው ካልተዘጋጀ ውጤቱ ይኸው ነው።

ከጅጅጋ በስተምዕራብ ያለው የማርዳ በርም መድፍ ደጋግሞ ያንቀጠቀጠው ስፍራ ነው። መጋቢት 12 ቀን 1933 ዓ.ም የናይጄሪያ ወታደሮች በደቡብ አፍሪካ መድፎች እየታገዙ ጣሊያንን እዚያ ገጠሙ። በ1970 ዓ.ም ደግሞ በሁለቱም ወገን ሶቭየት ሠራሽ መድፎች ተሰልፈው፣ መስከረም ላይ በሶማሊያ ጦር የተያዘችው ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች።

መ/ መምህሩን የሚያገባው

እንግዲህ ጦር ያልፋል፤ ያልፈነዳው ጥይት ግን መሬት ውስጥ ይቀራል። የመድፍ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በሚደርስበት ግፊትና በመሽከርከሩ ፊውዙ ይነቃል። ወድቆ ሳይፈነዳ ሲቀር እንደ ነቃ ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ቢመታው፣ ቢዝግም ውስጡ ያለው ፈንጂ ለአሥርታት አይሞትም። የሚያውቀው ተኳሽ ጥሎት ሄዷል፤ የሚያገኘው ፍየል የሚጠብቅ፣ ብረት ነው ብሎ ለቁራሌው ሊሸጠው የሚያስብ ልጅ ነው። መቅደላ ላይ ዕውቀት ማነስ መድፉን አፈነዳ፤ እዚህ ደግሞ ልጁን ያሳጣናል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንያዝ፦

1. ተማሪው እንዳይነካ፣ ድንጋይ እንዳይወረውርበት፣ እሳት እንዳያቀርብለት፣ የመጣበትን ዱካ ተከትሎ እንዲመለስ፣ ለትልቅ ሰውና ለፖሊስ እንዲናገር እናስተምር።
2. ትምህርቱን ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሶማሊኛም እንስጥ። አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚበቃ አይደለም።
3. «ለደወል ይሆናል» ወይም «መርጃ መሣሪያ ነው» ብሎ የተገኘ ጥይት ትምህርት ቤት ማምጣት ፈጽሞ አይገባም። ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ እንሣል፤ ይበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአሮጌና የዓድዋ መድፎች ውጤት ለምን ተለያየ?
2. የዛገ ጥይት ለምን አይታመንም?
3. ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በ10 ደቂቃ ይህንን እንዴት ታስተምራላችሁ? የትምህርት ዕቅድ አውጡበት።