የቤታችሁ ፍሳሽ ይሄዳል ወይስ ይተኛል?

የዛሬው ትምህርት ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቱቦ ነው። "ቱቦ ደግሞ የሐኪም ሥራ ሆነ እንዴ?" እንዳትሉኝ። እዚህ ቦኬ የአንድ ቤት ልጆች በተቅማጥ እየተመላለሱ ሲመጡ ወላጆቻቸውን "የቤታችሁ ፍሳሽ የት ነው የሚሄደው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ "ዶክተር፣ ድሮ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ይቆማል" የሚል ነው።

ለምን ይቆማል?

ብዙ የቆዩ ቤቶች ሲሠሩ የውስጥ ፍሳሽ አልታሰበላቸውም። ሲንኩም ሻወሩም በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቱቦው የወለሉን ሜዳ ተከትሎ ይተኛል፤ ወይም ከሥሩ ያለው አፈር ሲሰምጥ መሃሉ ይጎብጣል። በተራራማው ምዕራብ ሐረርጌ እየኖርን ቁልቁለት ያጣው የቤታችን ቱቦ ብቻ ነው! ውሃው ሲዘገይ ቅባቱና ፍርፋሪው ከሥር ይቀራል፣ ቱቦው ይጠባል፣ በመጨረሻም መገጣጠሚያው ማፍሰስ ይጀምራል።

ከጤና ጋር ምን አገናኘው?

የፈሰሰው ቆሻሻ ወደ አፈር ይገባል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ ውሃው ሲጠፋ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። መስመሩ ስንጥቅ ካለው ደግሞ በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል። ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ አሜባና ኮሌራ በዚህ መንገድ ወደምንጠጣው ውሃ ሊገቡ ይችላሉ። ግቢ ውስጥ የሚተኛው ፍሳሽ ትንኝ ያራባል፣ ዝንብ ይጠራል። እርጥብ ግድግዳ ሻጋታ ያወጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ያባብስበታል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ዶክተር ጆን ስኖው ምንጩ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ መሆኑን አመለከተ። በዓመቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ቤት ፍሳሽ ተቆፍሮ ሲታይ ቁልቁለቱ አነስተኛ ነበር፣ ቆሻሻ ከሥሩ ተጠራቅሟል፣ ጡቡም ላልቷል። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ከውሃ ጉድጓዱ የሚርቀው 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ቤት የታመመች ሕፃን የሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ይደፋ የነበረው እዚያው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ልኩን እወቁ። ለሲንክና ለሻወር ቱቦ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር መውረድ ጥሩ ልክ ነው። 5 ሜትር ቱቦ ከሆነ መውጫው ከመግቢያው በ10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል።

2. በዓይን አትገምቱ። ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ጎማ አየር እንዳይቀርበት አድርጋችሁ ውሃ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ ቱቦው መግቢያ ጋ፣ ሌላውን መውጫው ጋ ያዙ። በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ከውሃው እስከ ቱቦው ወደታች ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት ቁልቁለታችሁ ነው።

3. ሥራውን ከመውጫው ጀምሩ። ማንሆሉ ወይም የፍሳሽ ጉድጓዱ መግቢያ ከፍ ካለ የቱንም ያህል ቱቦ ብትቀይሩ ዋጋ የለውም።

4. ከቱቦው ሥር ድንጋይ አይኑር። አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር አልብሳችሁ ጠቅጥቁ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይጎብጣል።

5. አፈር ከመመለሳችሁ በፊት መውጫውን ድፈኑና ውሃ ሙሉበት። ትንሽ ቆይታችሁ መገጣጠሚያዎቹን በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥበት ካለ እዚያው አስተካክሉ።

6. የመጠጥ ውሃ መስመር ከፍሳሽ ይራቅ። የግድ ከተሻገረ ከላይ ይለፍ።

የቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩም "ዘግቷል፣ ክፈትልኝ" ብቻ አትበሉ። "ቁልቁለቱን ለክተህ አሳየኝ" በሉት።

ማስጠንቀቂያ!

ቱቦ ለመክፈት በረኪናና አሲድ በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ደግሞም አሲድ ቁልቁለት አይሠራም። ዛሬ ቢከፍትላችሁ ነገ ይዘጋል።

ጥገናው እስኪያልቅ የመጠጥ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ቱቦ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ልጅ ካስቀመጠው አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ብዙ ተቅማጥ ከወጣው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ተከራይ ከሆናችሁ ይሄን ለአከራያችሁ አሳዩ። ቆፍሮ ማስተካከል አንድ ጊዜ ያስወጣል፤ ተቅማጥ ግን በየወሩ ያስወጣል። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ለጎረቤትም ሼር አድርጉ።