ጂማት ምን ዓይነት ፈተና ነው?



በሄሉም ሆነ በሌላው የሞያሌ ሰፈር «ኤም.ቢ.ኤ. ለመማር ጂማት ማለፍ ግዴታ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ነው። ስለዚህ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅና ዛሬ ከምትማሩት ትምህርት ጋር ምን እንደሚያገናኘው በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1. ምንነቱ

ጂማት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለሚያመለክቱ ሰዎች የተዘጋጀ መመዘኛ ነው። መጀመሪያ የተሰጠው በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በኮምፒውተር ይሰጣል። «ማለፍ» ወይም «መውደቅ» የሚባል ነገር የለበትም። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ባለው ነጥብ ይገለጻል፤ ለ5 ዓመትም ያገለግላል። ስንት ነጥብ እንደሚበቃ የሚወስነው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው። ጂማትን ከነጭራሹ የማይጠይቁ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች የራሷን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ጀምራለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትፈልጉት ትምህርት ቤት የትኛውን ፈተና እንደሚቀበል ጠይቁ።

2. ክፍሎቹ

ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት። ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይሰጣል።

ሀ) ሒሳብ፤ 21 ጥያቄ። ካልኩሌተር አይፈቀድም። የሚጠየቀው መደበኛ ስሌትና አልጀብራ ነው፤ ይኸውም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም።
ለ) ቋንቋ፤ 23 ጥያቄ። አንብቦ መረዳትና ክርክርን መመርመር ነው።
ሐ) መረጃን መተንተን፤ 20 ጥያቄ። ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብን ይጨምራል።

ኮምፒውተሩ የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚመርጠው በመልሳችሁ ነው። በትክክል ስትመልሱ ጥያቄው ይከብዳል፤ ስትሳሳቱ ይቀልላል። ሳይነካ የቀረ ጥያቄ ውጤት ስለሚጎዳ ከመጨረሻው ጥያቄ መድረስ አስፈላጊ ነው።

3. ምሳሌዎች

የክርክር ጥያቄ፦ «በዚህ ወር ወደ ገበያ የመጡት ግመሎች በዝተዋል፤ ስለዚህ የአርብቶ አደሩ ሀብት ጨምሯል።» ይህን ክርክር የሚያዳክመው ምንድን ነው? መልሱ «ድርቅ ስለጠና ሰዎች ከብታቸው ሳይሞትባቸው ለመሸጥ ቸኩለዋል» የሚል ሊሆን ይችላል። የግመሉ መብዛት አልተካደም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

የመረጃ ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ 12 ፍየሎች ገዝቶ ሸጠ። ትርፉ ስንት ነው?
(1) እያንዳንዱን ፍየል በ5,000 ሽልንግ ገዛ።
(2) ሁሉንም በ72,000 ሽልንግ ሸጠ።
እዚህ ላይ የሚጠየቀው «መረጃው ይበቃልን?» የሚለው ነው። መግዣው ብቻውን አይበቃም፤ መሸጫውም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ በአንድነት ግን ይበቃሉ፤ 72,000 ሲቀነስ 60,000፣ 12,000 ሽልንግ ይሆናል።

መልመጃ፦ በአንድ ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ከ10 ሊትር ይበልጣልን?
(1) ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ ያለው ውኃ ግን ከሩቡ ያንሳል።
(2) 3 ሊትር ቢቀዳለት ገና ውኃ ይቀረዋል።
መልሱን ከታች ከማየታችሁ በፊት ሞክሩት።

4. ከአሁኑ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ክፍልፋይን፣ መቶኛንና ቀላል አልጀብራን ያለ ካልኩሌተር ተለማመዱ። ሁለተኛ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቡና የጸሐፊውን ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሦስተኛ፣ ስማችሁን አስተካክሉ። ለፈተና የምትመዘገቡበት ስም ከመታወቂያችሁ ጋር በፊደል መግጠም አለበት። የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት በመሆኑና በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፍ፣ በስደተኛ ወረቀታችሁና በትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ተለያይቶ ሊገኝ ይችላል። ልዩነት ካለ ዛሬውኑ ለመምህራችሁ አመልክቱ፤ ነገ በፈተና በር ላይ ማረም አይቻልም። አራተኛ፣ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ዲግሪ አስቡ። ዳፊ የተባለው የስደተኞች ነጻ የትምህርት ዕድል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ደረጃ ተማሪዎችን ይረዳል።

«ውጤት አስገኝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትስሙት። ፈተናው የሚለካው የራሳችሁን ጭንቅላት ነው።

የመልመጃው መልስ፦ (1) ብቻውን ይበቃል። ውኃው ከ5 ሊትር ስለሚያንስ መልሱ በእርግጠኝነት «አይበልጥም» ነው፤ እርግጠኛ «አይደለም» እንደ እርግጠኛ «አዎን» ሁሉ ሙሉ መልስ ነው። (2) ግን አይበቃም፤ ውኃው 4 ሊትርም፣ 15 ሊትርም ሊሆን ይችላልና።