ጣቢያውን የት እንትከል? የጣና ውኃ ምሳሌ

የኃይል ማመንጫ ሥፍራ መምረጥ ሲታይ የመሐንዲስ ስሌት ብቻ ይመስላል፤ ብዙ ኃይል በአነስተኛ ወጪ የሚገኝበትን ቦታ መፈለግ በቂ ነው ያሰኛል። ነገር ግን ኃይል፣ ወጪ፣ የተፈጥሮ ሀብትና የነዋሪው ኑሮ ወደ አንድ አቅጣጫ እምብዛም አይጎትቱም። እነዚህን የሚጋፉ ዓላማዎች እንዴት እንደምንመዝን በጣና ሐይቅ ምሳሌ እንመልከት።

ከጣና የሚወጣው ውኃ ለኃይል የሚውልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በዓባይ ወርዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ተርባይን ማዞር ሲሆን፣ በዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሁለት ጣቢያዎች ሥራ ጀምረዋል። ሁለተኛው ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ሸለቆ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ከከፍታ የሚወርድ ውኃ የሚሰጠው ኢነርጂ የመጠነ ቁሱ፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትና የከፍታው ብዜት ነው። ውኃው በጢስ ዓባይ ወደ 50 ሜትር፣ በበለስ ግን ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ (1000 ኪሎ ግራም) በጢስ ዓባይ 0.14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በበለስ ደግሞ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ይህም በማሽኑ የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው። ያው ውኃ ስድስት እጥፍ ያህል ይሠራል ማለት ነው። ኃይልን ብቻ ብንመዝን ክርክሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ በበለስ የሄደ ውኃ በፏፏቴው ላይ አያልፍም። ፏፏቴው ሲሳሳ ጎብኚ ይቀንሳል፤ በአስጎብኚነትና በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደረው ነዋሪ ገቢው ይጎድላል። ሐይቁ ከልክ በላይ ሲቀንስም የዳርቻው ረግረግ ይደርቃል፤ የበለስ ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ውኃው ቀንሶ በሐይቁ ላይ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። መብራቱ ለአገር ሲዳረስ ጉዳቱ በአካባቢው ይቀራል።

እንዲህ ባለው ጉዳይ ሦስት እርምጃዎች ይጠቅሙናል። በመጀመሪያ፣ በሁሉም ረገድ ከሌላው የሚያንስ አማራጭ ይሰረዛል። ቀጥሎ፣ እንደ ሐይቁ ዝቅተኛ ከፍታ ያሉ የማይጣሱ ወሰኖች ይለያሉ። በመጨረሻም፣ ለቀሩት ዓላማዎች ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ በግልጽ ይወሰናል። ፊዚክስ የልዋጩን መጠን ይነግረናል፦ በሴኮንድ 10 ሜትር ኩብ ለፏፏቴው መተው በበለስ 29 ሜጋዋት ገደማ ማጣት ነው። ፏፏቴው ይህን ያህል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ግን ቀመር አይመልስም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ስሌቱን አይተው የሚፈርዱት ነው። ክብደቱን ሳይናገር «ስሌቱ ይህን አለ» የሚል ባለሙያ የራሱን ፍርድ በቁጥር ሸፍኗል።

ለአንባቢ ጥያቄ፦ ውኃው ለፏፏቴው በቀን 12 ሰዓት ብቻ ቢለቀቅ የሚታጣው ኢነርጂ በስንት ይቀንሳል? በዚህ አማራጭ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል?