መውደቅን መፍራትና የአረጋውያን ሚዛን



ለብዙ ዓመታት ሳያጓድሉ ያስቀድሱ የነበሩ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲቀሩ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ቀርበን ብንጠይቃቸው ግን «እንዳልወድቅ ፈርቼ ነው» ሊሉን ይችላሉ።

ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል፤ በመውደቅ ከሚሞቱት መካከል ትልቁን ቁጥር የሚይዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ አደጋ ያመጣል። የፈራ ሰው ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በዚህም ምክንያት የፈራው ውድቀት ይበልጥ ይቀርበዋል።

ሚዛን እንዴት ይጠበቃል?

የሰውነት ሚዛን ዓይን፣ የውስጠኛው ጆሮና የእግር ስሜት ተባብረው የሚጠብቁት ነው፤ ሲዛነፍ መልሶ የሚያቆመው ጡንቻ ነው። የውስጥ ጆሮና የእግር ስሜት በዕድሜ ሲደክሙ ሰው በዓይኑ ይመካል፤ ስለዚህ ጨለማ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ክብደትም ድርሻ አለው። ሆድ ላይ የተከማቸ ውፍረት ሰውነትን ወደ ፊት ይስባል፣ ጉልበትንም ያደክማል። ከመጠን ያለፈ ክሳት ደግሞ ጡንቻንና አጥንትን ስለሚያሳሳ፣ የወደቀ ሰው የዳሌው አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ አረጋውያን እንደ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ያለውን ገንቢ ምግብ ሊያጓድሉ አይገባም። የሚከሱ አረጋውያንን ስለ ጾማቸው ካህኑ ራሱ ቀድሞ ቢያነጋግራቸው መልካም ነው፤ ለመጠየቅ የሚያፍሩ አሉና።

ምን እናድርግ?

በቤት ውስጥ፦ በጽኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፤ ይህንንም ሰው በአጠገብ ሆኖ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ መደጋገም። ከመኝታ ሲነሡ ጥቂት ቁጭ ብሎ መቆየት። የሚያዞራቸው ወይም በቅርቡ የወደቁ ግን አስቀድመው ሐኪም ይዩ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ያሳዩ።

በቤተ ክርስቲያን፦ ለደረጃው መደገፊያ ማበጀት፣ የተነሣ ምንጣፍ ማስተካከል፣ ለሌሊት አገልግሎት መንገዱን ማብራት፣ በክረምት ጭቃውን በጠጠር ማልበስ፣ ጫማ ለሚያወልቁ መቀመጫ ማዘጋጀት።

በምክር፦ «ቤትዎ ይቀመጡ» ከማለት «አብረን እንሂድ» ማለት ይሻላል። ምርኩዝ የሚያፍሩም ካሉ፣ ወጣት መዘምራን ሳይቀሩ በመቋሚያ ተደግፈው እንደሚያገለግሉ እናስታውሳቸው።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን በዚህ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን የቀሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? ማን ይጠይቃቸው?
2. ከመግቢያው በር እስከ ቅኔ ማኅሌት ድረስ አንድ ደካማ ሰው ሊሰናከልባቸው የሚችሉ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? እስከሚቀጥለው ስብሰባ የትኛውን እናስተካክል?