የባሕር አየር ንጹሕ ነውን?

በጧት በጨለመ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ የፀሐይ ጮራ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልኮ ሲገባ ሳታዩ አልቀራችሁም። ባዶ ይመስል የነበረው አየር በዚያች ጮራ ውስጥ ሲታይ እልፍ ብናኝ ሲጨፍርበት ይገኛል። ብናኙ ቀድሞም ነበረ፤ የገለጠው ብርሃኑ ነው። እኔ ግን ይህ ነገር የመንደራችንና የመንገዳችን አቧራ ብቻ እንጂ ከየብስ ርቆ በውቅያኖስ ላይ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። አሳቤ ስሕተት መሆኑን ከንባብ ስለ ተረዳሁ፥ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1832 ቻርለስ ዳርዊን ቢግል በምትባል መርከብ ሲጓዝ፥ ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ ባሉት በኬፕ ቬርዴ ደሴቶች አጠገብ፥ በመርከቢቱ ላይ የወረደ ደቃቅ ቡናማ አቧራ ሰብስቦ ነበር። ይህ አቧራ ከሰሐራ በረሓ በነፋስ ተነሥቶ የሚመጣ ነው። ከ2007 እስከ 2013 በሳተላይት በተደረገው ልኬት መሠረት፥ በያመቱ በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን ያህል አቧራ ከሰሐራ ወደ አትላንቲክ ይወጣል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህም 27 ሚሊዮን ቶን የሚበልጠው በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ደን ላይ ይወርዳል። በውስጡ ፎስፎረስ ስላለበት ለዛፎቹ ማዳበሪያ ይሆናቸዋል።

ዳርዊን ያገኘው ወደ መርከቡ የወረደውን ብቻ ነው፤ ከራሱ በላይ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፈውን ሊለካ አልቻለም። ዛሬ ይህን የሚያደርገው ላይዳር የሚባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ወደ ሰማይ ይልካል፤ በአየር ውስጥ ያለው ብናኝ ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የተመለሰውን ቴሌስኮፕ ይሰበስባል፤ ሄዶ የተመለሰበትም ጊዜ ይለካል። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ብርሃኑ ከሰከንድ 20 ሚሊዮንኛ በኋላ ቢመለስ ብናኙ ምን ያህል ከፍ ብሏል? እኔ መጀመሪያ 300ን በ20 አባዝቼ 6 ኪሎ ሜትር አልሁ። ነገር ግን ብርሃኑ ወጥቶ የተመለሰ መሆኑን ረስቼ ነበር። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል እውነተኛው መልስ 3 ኪሎ ሜትር ነው።

ከፍታው ከታወቀ በኋላ የብናኙ ዓይነት እንዴት ይለያል? በባሕር ላይ አቧራ ብቻ ሳይሆን ከማዕበል የሚነሣ ጨውና ከየብስ የሚመጣ ጢስም አለና። ስለዚህ የሌዘሩ የብርሃን ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ ተደርጎ ይላካል። እርጥብ የጨው ጠብታ እንደ ኳስ ክብ ስለ ሆነ ብርሃኑን አቅጣጫውን ሳይለውጥ ይመልሰዋል። የአቧራ ቅንጣት ግን ማዕዘናምና ሸካራ ስለ ሆነ ከፊሉን አቅጣጫ ይለውጠዋል። ሆኖም አየሩ ሲደርቅ ጨውም ማዕዘናም ስለሚሆን፥ ተመራማሪው የአየሩን እርጥበት ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ደግሞም ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ብርሃን ይላካል፤ እንደ ጢስ ያለው ደቃቅ ብናኝ አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብልጦ ይመልሳል፤ ትልልቁ ግን ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ይመልሳል።

ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ፖላርሽተርን የተባለው የጀርመን የምርምር መርከብ ነው። ከ2009 ጀምሮ፥ ከብሬመርሃፈን ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲጓዝ፥ በላይፕሲግ ከተማ ያለው የትሮፖስ ተቋም ባለሙያዎች ላይዳራቸውን በኮንቴይነር አድርገው እየጫኑበት ለክተዋል። ከ2019 እስከ 2020 መርከቡ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ ሲንሳፈፍ በከረመ ጊዜም፥ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍሮ የቆየ የብናኝ ንጣፍ አይተው፥ የደን ቃጠሎ ጢስ መሆኑን ገልጸዋል።

ሳተላይት ካለ መርከብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ሳተላይት ዓለምን ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ በጥድፊያ ያልፋል፤ ወፍራም ደመናም ከበታቹ ያለውን ይጋርድበታል። መርከቡ ግን ከታች ሆኖ ለሰዓታት ስለሚመለከት፥ የሳተላይቱ ልኬት ትክክል መሆኑ በእርሱ ይመረመራል። ከምድር ገጽ 71 በመቶው ባሕር ነው፤ በዚያም የአየር መመልከቻ ጣቢያ እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚመለከተው ባሕረኞችን ብቻ አይደለም። ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሕዋ በመመለስ ምድርን ያቀዘቅዛል፤ ጥቁር ጢስ ደግሞ ሙቀት ስቦ አየሩን ያሞቃል፤ የደመና ጠብታም የሚያድገው በብናኝ ላይ ነው። ለአገራችን ዝናብ የሚሆነው እርጥበት በብዛት ከውቅያኖስ የሚነሣ ነውና፥ በዚያ አየር ላይ ያለውን በትክክል የማያውቅ ሰው የወደ ፊቱን የአየር ጠባይ አሳምሮ ሊያሰላ አይችልም።

በመጨረሻ ለታች ክፍል ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ጥያቄ ልተው፤ ብርሃኑ ከሰከንድ 50 ሚሊዮንኛ በኋላ ቢመለስ ብናኙ ስንት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል? መልሳችሁ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ካልሆነ፥ እናንተም እንደ እኔ የመልሱን መንገድ ረስታችኋል።